ተመልካቿ ስትመልስ

ቡራዩ፣ ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም በነርሶች ልምምድ የደረሰኝ ተመልካችነት ነው። የክፍሌ ልጆች ታማሚ ተብላ የተኛችውን አሻንጉሊት ከበቡ፤ እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። መምህራችን ሲስተር አልማዝ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ በታማሚዋ ድምፅ «ልጆቼ፣ ሰው የለም እንዴ?» አለች። አንዱ ደም ግፊት ይለካል፣ አንዷ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ የመለሰላት የለም። ደግማ ስትጣራ አላስቻለኝም።

«አለሁ፣ እማማ!» አልኩ።

ሁሉም ሳቁብኝ። ሲስተርም ብቅ ብላ «ተመልካች አይናገርም» አለችኝ። ሕጉ ነው፣ ልክ ናት። ግን ለሴትዮዋ አቤት ያልኳት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይኼን ማንም አላነሳውም። ይሳቁ!

አሁን ኪራይ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአፌ የወጣው ታክሲ ውስጥ ያልኩት «ወራጅ አለ» ብቻ ነው።