ከገጽ 17 እስከ 32 ስለጎደለው ሕገ መንግሥትና ስለ ወንድሜ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ለተከበሩ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ታስሮ እየተደበደበ ያለው ወንድሜ ዛሬውኑ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ስለመጠየቅ፣ እንዲሁም የራሴን ጥፋት ስለማስታወቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በማተሚያ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት በመጽሐፍ ጠራዥነት የሠራሁ ነኝ። ስሜና አድራሻዬ በተያያዘው ቅጽ ላይ ተሞልቷል። ታሳሪው ታላቅ ወንድሜ የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ተማሪዎቹ «አንቀጽ» ይሉታል፤ ሰልፍ የሚጥስ ሰው ባየ ቁጥር የአንቀጽ ቁጥር ስለሚጠራ ነው። እኔም ብሆን አልማርኩትም፤ እስካሁን ሳያገባ የቀረው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለተጋባ ነው እያልኩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ።

2. ጥቅምት 28 ቀን ሁለት ፖሊሶች አንዲት ጋዜጣ አዟሪ ሴት ፀጉሯን ይዘው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲጎትቱ፣ ወንድሜ ከክፍል ወጥቶ «የሰው ክብር አይገሰስም፤ ምዕራፍ ሁለትን እዩ» አላቸው። ዱላው ወደ እሱ ዞረ። በተማሪዎቹ ፊት ግንባሩ ተፈንክቶ፣ እንደ ጆንያ መኪና ላይ ተወርውሮ ከሴትዮዋ ጋር ወደ ጣቢያ ተወሰደ። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

3. በጣቢያው የሆነውን የነገረችኝ ጋዜጣ አዟሪዋ ናት፤ እሷን በሦስተኛው ቀን ለቀቋት። እንደ ነገረችኝ ከሆነ ወንድሜ ደሙን በክንዱ እየጠረገ ለጣቢያው አዛዥ ትምህርት ጀመረላቸው። የሕገ መንግሥቱ መግቢያ የሕዝቡ ቃል ነው፤ ምዕራፍ አንድ ሥልጣን የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ምዕራፍ ሁለት መርሆዎቹንና የሰውን መብት ይዘረዝራል፤ ምክር ቤቱ በሦስት፣ ፍርድ ቤቱ በአራት ይመጣሉ አላቸው። ሰው ከምክር ቤቱ በፊት የተጻፈው በአጋጣሚ እንዳልሆነ፣ ቤቱ የተሠራው ለሰው ስለሆነ መሆኑን አስረዳቸው። ከዚያም «የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። መጽሐፉ ከኋላዎ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ገልጠው ይዩት» አላቸው።

አዛዡም አወረዱት። ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ። ከገጽ 16 ቀጥሎ ገጽ 33 ነው። ምዕራፍ ሁለት የሚባል ነገር የለም። «ሕግ ፈጥረህ ነው እኔን የምታስተምረኝ?» ብለው በዚያው መጽሐፍ አፉን መቱትና ወደ ኋላ ክፍል አስገቡት። እዚያ ሰቅለው ውስጥ እግሩን በሽቦ ሲገርፉት፣ በየምቱ «ምዕራፍ ሁለት የታለ?» ይሉት ነበር። ሴትዮዋ እስከ አርባ ቆጥራ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች።

4. ክቡር ሆይ፣ ምዕራፍ ሁለትን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

አንድ መጽሐፍ የሚሰፋው ከታጠፉ ወረቀቶች ነው፤ አንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይይዛል። እጥፎቹን በረጅም ጠረጴዛ ላይ በተራ በተራ እንከምርና፣ ጠረጴዛውን እየዞርን ከየክምሩ አንድ አንድ እናነሳለን። ሕገ መንግሥቱ ለሚከበርበት በዓል ይድረስ ተብሎ መጽሐፉን በጥድፊያ የሠራን ዕለት፣ በሁለተኛው እጥፍ ቦታ ሦስተኛውን ከመርኩ። ስለዚህ አርባ መጽሐፍ ምክር ቤቱን ሁለት ጊዜ፣ ሰውን ዜሮ ጊዜ ይዞ ተሰፋ። በየእጥፉ ጀርባ ላይ ተራውን የሚያሳይ ጥቁር ምልክት አለ፤ ዓይኔን ጣል ባደርግ ኖሮ ይታየኝ ነበር። አላደረግሁም።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርዎ። በማግስቱ ከሁለተኛው እጥፍ አርባ ተርፎ ሳገኝ ስህተቴን አውቄዋለሁ። መጽሐፎቹ ለየፖሊስ ጣቢያው ሊላኩ ገና በር ላይ ነበሩ። «እነሱ ደግሞ መቼ ያነቡታል» ብዬ ትርፉን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ።

5. በስምንተኛው ቀን የወንድሜ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ከጣቢያ ተሰጠን። እናታችን ልታጥበው ስትነክረው ኪሱ ውስጥ ሁለት የፊት ጥርስ አገኘች። በወረቀት ጠቅልላ ይዛቸዋለች፤ ሲፈታ ሐኪም ይተክልለታል ትላለች። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይህን ደብዳቤም አላነበብኩላትም።

6. ትናንት ጠዋት የጎደለውን እጥፍ፣ ወስፌ፣ መርፌና ክር ይዤ ጣቢያው ሄድኩ። አዛዡ ሳቁና ጠረጴዛቸውን ለቀቁልኝ። ጀርባውን ፈታሁ፤ ሁለት ጊዜ ከገባው እጥፍ አንዱን አውጥቼ ምዕራፍ ሁለትን መስፋት ጀመርኩ። ከግድግዳው ወዲያ ይመቱት ነበር። አባታችን በቀበቶ ሲገርፈው እንኳ ጮሆ የማያውቅ ሰው ነው፤ ትናንት ግን እንደ እንስሳ ሲጮህ ሰማሁት። ቶሎ ከጨረስኩ ይተውታል ብዬ እየተጣደፍኩ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁ። ሰፍቼ አጣብቄ ሰጠኋቸው። አዛዡ ቆመው፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ አነበቡት። «እውነቱን ነበር ማለት ነው» አሉ። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መለሱና ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሙጫ እንድጠርግ አዘዙኝ። ጠረግኩ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አላቆሙም።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) ወንድሜ ዛሬ ከምሳ ሰዓት በፊት በአካል ችሎት እንዲቀርብና ሐኪም እንዲያየው፤

ለ) የደበደቡትና ያስደበደቡት በሕግ እንዲጠየቁ፤

ሐ) የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ መጽሐፎች እንዲሰበሰቡና እኔም አውቄ ዝም በማለቴ እንድጠየቅ ነው። ስጠራ እመጣለሁ፤ አልሸሽም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ለጣቢያው አንቀጽ የጠቀሰ ደብዳቤ አይላክ። አንቀጹ አላቸው፤ በእጄ ሰፍቼላቸዋለሁ፣ አንብበውታልም። እባክዎ፣ ሰው ይላክልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሚቸኩል ሰው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታሳሪው ታናሽ ወንድም፣ ጠራዥ