ዝም ብለሽ ገልብጪ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የክረምቱ ኮርስ ተጀመረ። «የልዩ ፍላጎት ትምህርት መግቢያ»። ኮሌጁ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ማዕከል ስለከፈተ ደብረ ታቦር ድረስ መመላለሱ ቀርቶልናል… ደጉ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተብለን መምህር ዋሴ አራት ሰዓት ላይ ገባ። የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቀን ነው፤ ጥርሱን እየጎረጎረ። ከዚያ ሞጁሉን ገልጦ ማንበብ። እኛ ሁላችን መምህራን አይደለን? ማንበብ አቅቶን ነው?

ርዕሱ «የመስማት ችግር» ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አንድም ሰው የሰማ የለም። ከኋላ አንዱ «አይሰማም!» ብሎ ጮኸ። ዋሴ ቀና ብሎ አየውና ንባቡን ቀጠለ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ አስጠላኝ።

ሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬ፣ አሁን ለዲግሪ ብዬ ይሄን ልሰማ… መስማቱም አልተቻለም እንጂ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ «ተግባራዊ ልምምድ» ነው ተባለ። ዓይናችንን በሻርፕና በነጠላ ታስረን ክፍሉ ውስጥ መዞር። ዓይነ ስውርነት ምን እንደሚመስል እንዲገባን ነው አሉ። ከስማዳ የመጣው እንዳልካቸው እጁን ዘርግቶ ሴቶቹ ወዳለንበት ወዳለንበት ይመጣል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዋሴ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። «ለሪፖርት ነው፣ እንዳትስቁ!»

አምስት ደቂቃ። «ገባችሁ?» «ገባን!» ምኑ ነው የገባን? ሻርፔን ፈትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ አልፌ እንዳልሄድ ጭቃ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ኬዝ ስተዲ ታዘዝን። ከመቶ ሃያ አምስት የሚያዝ። አንድ አካል ጉዳተኛ ፈልጎ በፎርማቱ መሠረት ጠይቆ መጻፍ።

ሠላሳ ስምንት ነን። ሁሉም አንድ ሰው አሰበ። መሪጌታ አለበልን። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ልጆች የሚያስተምሩትን ዓይነ ስውር። ቅርብ ናቸዋ! ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ። እንዳልካቸውማ «እኔ ምን አደከመኝ፣ ከናንተ እገለብጣለሁ» አለ። አያፍርም። እንዲህ ያለው ሰው ነገ ልጅ ፊት ቆሞ ሊያስተምር ነው…

እኔ ቢያንስ ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

«ስንተኛዋ ነሽ?» አሉኝ መሪጌታ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«ምን አሉኝ የኔታ?»

«ከኮሌጁ አይደለሽ? እስከ ትናንት ዐሥራ አራት መጥተዋል። ዐሥራ አምስተኛ ነሽ። በይ ተቀመጪ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፎርማቱ እጄ ላይ አለ። ጥያቄ አንድ፣ ጥያቄ ሁለት…

«ከናንተ ሰባተኛው ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ዓይነ ስውር በመሆንዎ የደረሰብዎትን የሥነ ልቦና ችግር ይንገሩኝ።' የለብኝም አልሁት። 'እንደሱማ አይሆንም የኔታ፣ ፎርማቱ ችግር ነው የሚል' አለኝ።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፎርማቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀቱ ሲታጠፍ ሰሙት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው አወሩኝ።

የጋይንት ሰው ናቸው። ፈንጣጣ በሦስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ወሰደው። እዚያው ጋይንት ካለው የድጓ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ልሔም ገብተው በቃል ተማሩ። የኔታ ቃሉን ይላሉ፣ ተማሪ ተከትሎ ይቀበላል፣ በቃሉ እስኪይዝ ድረስ። «ለቃል ትምህርት ዓይን ምን ይሠራል? የሚያየው ባልንጀራዬም ጨፍኖ ነበር የሚይዝ» አሉኝ።

ቀጥለው «እኔን ተዪኝ» አሉ። «ይልቅ አንዲት ልጅ አለችኝ። ወለተ ጊዮርጊስ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቅርቡን ታያለች፣ ራቅ ያለው ሁሉ ጉም ነው የሚሆንባት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ላይ ከረመች። መምህርቷ ከኋላ ወንበር አስቀመጠቻት። 'ሰሌዳው አይታየኝም' ብትል 'ሰነፍ ሁሉ አይታየውም፣ ዝም ብለሽ ገልብጪ' አለቻት። ልጁ ሁሉ ሳቀ። ቀረች። እኔ ዘንድ ውዳሴ ማርያምን፣ የሰኞውን ባሥር ቀን ያዘችው። አሁን ሐሙስ ላይ ናት።»

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከማዶ» አሉኝ፣ ሌላ ሳይጨምሩ።

ማዶ ስንት ትምህርት ቤት አለ!

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

የስም መጥሪያዬን አውጥቼ አየሁ። የዘንድሮውን፣ የአምናውን፣ የካቻምናውን። ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የለችም። ተመስገን! የኔ አይደለችም።

ግን ያቺ መምህርት ማን ትሆን? እንዲህ ያለችው ሴት ጠመኔ እንድትይዝ ማን ፈቀደላት? ደሞዟን በላች፣ ልጅቱን ጣለች፣ ማታ ተኛች። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «ልብ የሌላት» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ረቂቁ ተሰበሰበ። ከሠላሳ ስምንታችን ሠላሳ አንዱ መሪጌታን ጽፏል። እሳቸው በአምስት የተለያየ ቦታ ተወልደዋል። እንዳልካቸው ጎንደር ከተማ ነው የወለዳቸው፣ ዓይናቸውንም በመኪና አደጋ ነው ያጠፋው። ዋሴ «በጣም ጥሩ» አለው።

የኔን አገላብጦ «ርዕሱ ጥሩ ነው፣ የወላጅ ፊርማ ይጎድለዋል፣ ለነሐሴ 17 አስፈርመሽ አምጪ» አለኝ። መሪጌታን ጠየቅኳቸው። ክረምቱን እናቷን በሥራ እያገዘች ስለሆነ ለፍልሰታ በዓል ከእናቷ ጋር እንደምትመጣ ነገሩኝ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ቅዳሴው ሲያልቅ ጥዱ ሥር ጠበቅኩ። አንዲት ሴት ልጅ አስከትላ መጣች። ልጅቱ ጎንበስ ብላ የመሪጌታን ጉልበት ስትስም ጀርባዋን ነው ያየሁት። የተጠቀለለው ወረቀት እጄ ላይ ነው። ጠጋ ብዬ፣ በዚያ ለሌላ ሰው ልጅ በማወጣው ለስላሳ ድምፄ፣ «ወለተ ጊዮርጊስ፣ እንደምን አለሽ የኔ እመቤት?» አልኳት።

ደነገጠች። ገና ፊቴን ሳታይ፣ በድምፄ ብቻ። ከእናቷ ነጠላ ውስጥ ገብታ ተሸሸገች።

ሐረገ ወይን ናት። የኔዋ ሐረገ ወይን። አምና ተራ ቁጥር አርባ ሦስት፣ «አቋርጣለች» ብዬ በቀይ የጻፍኩባት። ወለተ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሟ ነው። መሪጌታ መቼ ነው ሰውን በዓለም ስሙ የሚጠሩት? እኔ ደግሞ የክርስትና ስሟን መጥሪያ ላይ እፈልጋለሁ? ጅል!

እናትየዋ አማረች ትባላለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እርስዎ ነዎት እንዴ መምህርት?» አለች።

«እኔ… ልጅቷ ለመስከረም እንድትመዘገብ…»

«በከንቱ ደክመዋል። እኛ በቃላችን እየተማርን ነው። መሪጌታ ዘንድ የሚስቅባት የለም። ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ባሕር ዳር ላለችው እህቴ እሰጣታለሁ፣ ልጅ ትያዝላት። ምን ላድርግ፣ ፊደል አልሆነላትም አሉ።»

አሉ። ያለችው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አላስፈረምኩም። «ሰነፍ ሁሉ አይታየውም»… ብያለሁ? ብያለሁ። ትዝ አለኝ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ስልሳ አራት ልጅ ነበረኝ፣ ጫጫታ ነበር… ኧረ ተዪው ዮርዳኖስ! ዋሴ አስጠላሽ፣ እንዳልካቸው አስጠላሽ፣ ፎቶው አስጠላሽ። አሁንስ ማን ቀረ?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሦስቱን ገጽ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። «ያቺ መምህርት» ያለበትን ሁሉ ሰርዤ «እኔ» አልኩ። «ልብ የሌላት» የሚለውን አልነካሁትም።

ዋሴ እዚያው ፊቴ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ኬዝ ስተዲ አይደለም፣ ንስሐ ነው። ለንስሐ አባትሽ ውሰጂው።»

«እውነት ነው እኮ መምህር።»

«እውነት መሆኑን ማን ጠየቀሽ? ፎርማቱ የታለ? ፊርማውስ?»

ከሃያ አምስት ዘጠኝ። እንዳልካቸው ሃያ ሁለት አገኘ። መሪጌታ አለበልን እስከ ዛሬ በዓይኑ አላያቸውም።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ለመሪጌታ ልናገር ሄድኩ። መንገድ ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ። «የኔታ፣ ያች መምህርት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ልጅቱ አንቺን እያስመሰለች ስትናገር እንስቃለን። 'ዝም ብለሽ ገልብጪ!' ስትል ቁርጥ ያንቺ ድምፅ ነው። ያን ለታ መጥተሽ 'ምን አሉኝ የኔታ' ስትዪ አወቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትጽፊው ኖሯል?»

ሳይነግሩኝ ነው ሦስት ገጽ የወጣኝ። ቢነግሩኝ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር። ወይም እንደ ሌላው የትውልድ ቦታቸውን እጽፍ ነበር።

እናቷን ያነጋግሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «እኔ አላባረርኋት። ያባረረው ሄዶ ይጥራ» አሉ። ልነሳ ስል ግን ያዝ አደረጉኝ። «ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ አፍሽን አትዝጊ። የምትጽፊውን በይው። ሌላ ጥበብ የለውም።»

መቶ ሃያ ገጽ ሞጁል። ይቺ አንዲት ነገር ግን አልነበረችበትም። ወይም ኖራበት ይሆናል… ማን ሰማ?

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

አማረች ቤት ሄድኩ። ማዶ እሚሉት እኛው ቀበሌ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት። ጫማዬን ሁለቴ ጭቃ ዋጠው። ስንዴ ማሳ ውስጥ እያረመች አገኘኋት። ሐረገ ወይንም አብራ ታርማለች። ድምፅ ሳላሰማ ገብቼ አጠገባቸው ማረም ጀመርኩ። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ትንሽ ቆይቶ አማረች ሳቀች። «መምህርት፣ ስንዴውን ጨረሱት እኮ!»

እውነቷን ነው። አረሙን፣ ሲናሩን ትቼ ስንዴ ስነቅል ነበር። ቅጠሉ አንድ ነው! ሐረገ ወይን መጣች። የነቀልኩትን ከእጄ ወሰደች፣ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ አቀረበችው። «ይሄ ስንዴ ነው። ይሄም ስንዴ ነው። ይሄ ብቻ ነው ሲናር» አለች። ሳትቆጣ፣ ሳትስቅብኝ። እንደ ጥሩ መምህር።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ያላየሁት» አልኳት። እናቷ እየሰማች። ልጅቷ ወደ ማረሟ ተመለሰች።

አማረች ከማረሙ ቀና አለች። «ከፊት ያስቀምጧታል?»

«ከፊት።»

«አንድ ቀን እያለቀሰች ብትመለስ አበቃ። በማግስቱ ባሕር ዳር ናት። ይወቁት።»

«አውቄያለሁ» አልኩ።

ጳጉሜን 2፣ እሁድ

ቤት ግድግዳ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ፣ የምጽፈውን ጮክ ብዬ ስል ዋልኩ። የቤት አከራዬ ሁለቴ መጥታ አየችኝ። አፍ ሲናገር እጅ ይቆማል፣ እጅ ሲጽፍ አፍ ይዘጋል… ሰባት ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?

መስከረም 5፣ ሰኞ

አማረች እስከ ክፍሉ በር አምጥታት ቆመች። አልሄደችም። ሐረገ ወይንን ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

ጀመርኩ። እየጻፍኩ አልኩ፣ እያልኩ ጻፍኩ። አንዱን መስመር፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ረሳሁት። የለመደ እጅ… ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አፌን ዘግቼ ቀጠልኩ።

«ቲቸር» አለ ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ግን የማይንቀጠቀጥ። «ምን ብለው ጻፉ? አልሰማንም።»

ልጆቹ ሳቁ። በሩን አየሁ። አማረች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ዞሬ ልጆቹን አየሁ። የሚያዩት እኔን ነው። የሚስቁትም በኔ ነው። ጠያቂዋ ሐረገ ወይንም እየሳቀች ነው።

«ላም ሣር በላች» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ላም ሣር በላች» ብለው ተቀበሉኝ፣ ሁሉም።

ቀና ስል አማረች ከበሩ ላይ ሄዳለች።