ወንድም ጋሼና ባዶው ሣጥን

የሕይወት ታሪክ ከልደት ይጀምራል ይባላል። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሲያንገበግበኝ ከኖረው ከአንድ የስጦታ ሣጥን እጀምራለሁ። ወንድም ጋሼ ጡረታ ሲወጡ አለቃቸው ፕሮፌሰሩ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ በጥብጣብ የታሰረ ሣጥን ሰጧቸው። ሲከፍቱት ባዶ ነው። ፕሮፌሰሩም ባወጡላቸው ቅጽል ስም ጠርተው፣ «አቶ የለም፣ ዕድሜ ልክዎን ፈልገው ያገኙት ይኸው!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ወንድም ጋሼም አብረው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከሳቁት አብዛኞቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

ወንድማችን ከሰዓት ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው ከመሬት በታች ባለው ትልቅ የማጋጫ ማሽን ላይ ሥራ ያዙ። ሥራቸውም ኢምንት ቅንጣቶችን በኃይል አጋጭቶ፣ ሊቃውንት «ሊኖር ይችላል» ያሉትን፣ ማንም ያላየውን አዲስ ቅንጣት ከስብርባሪው መካከል መፈለግ ነበር። አባታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እኔ ሰዓት በመፍቻ እፈታለሁ፤ አንተ ሁለት ሰዓቶች አላትመህ ጥርሳቸውን ትለቅማለህ!» ብለዋቸው ነበር።

ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ቅንጣቱ አልተገኘም። አንድ ቀን «ታዲያ ምን ሠሩ?» ብላቸው፣ «አንቺ፣ ቁልፍ ሲጠፋብሽ ኪስሽን ፈትሸሽ ‹እዚህ የለም› ሳትዪ ሌላ ቦታ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ወደፊት ሊሠራ የታሰበው ትልቁ ማሽን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልገው የታወቀው፣ እሳቸው ‹እስከዚህ ጉልበት ድረስ› ፈትሸው ባሉት «የለም» ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ሣጥኑን በሰጡ በዓመቱ ያንኑ ሥራ በራሳቸው ስም አቅርበው ተሸለሙበት። በወንድሜ «የለም» እሳቸው «አለሁ» አሉ።

ወንድማችን በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና እኔን ትተዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ሲፈልጉት የኖሩትንም ያሳያቸው።

ፕሮፌሰሩ ትናንት ደውለው፣ «የሕይወት ታሪካቸውን እኔ ላንብብ» አሉኝ። እሺ አልኩ። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስምና ይህን ወረቀት በዚያው ሣጥን ጨምሬ፣ ጥብጣቡን አስሬ ሰጠኋቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ቅጂው በእጁ ስላለ መዝለል የለም።

ፕሮፌሰር፣ ከኋላ ላሉት አልተሰማም፤ እባክዎ ከሣጥኑ ጀምረው ይድገሙልን።