ስፖርት ስሠራ የመጣብኝ ለቀስተኛ

ልጄ ሳኒ፣

አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው። ከወደቡ ስኳር ዘግይቷል፤ ሱቁ ግን ክፍት ነው።

«ልብሽን ያጠነክራል» ብለህ የጻፍክልኝን ስፖርት ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ጀመርኩ። ሰላሳ ሰከንድ እጅ እያነሱ መዝለል፣ ትንሽ ማረፍ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብድግ። በጓሮ ስዘል ጎረቤታችን ከበደች በአጥር አየችኝ። ደብዳቤ መምጣቱን ታውቅ ስለነበር መርዶ መሰላት። «ወይኔ ሳኒ!» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። «ደህና ነው» እንዳልላት ትንፋሽ አጠረኝ። «ይኸው፣ ድምጿ ተዘጋ!» ብላ ሰፈሩን ጠራች። ትንፋሼ እስኪመለስ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ። ያመጡትን እንጀራ ግን አልመለስኩም።

«ሰው ሳይሞት የለቅሶ እንጀራ ትበያለሽ?» አለች ከበደች።

«ልጄን በቁሙ አልቅሰሽበት የለ? ካሣው ነው» አልኳት።

ስፖርቱን አልተውኩም፤ የመጋዘኑን ደረጃ አሁን ሳላርፍ እወጣለሁ። ከበደች ግን እስካሁን የምደብቃት ነገር ያለ ይመስላታል። ስለዚህ ሰሞኑን የተነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ። ለእሷ ብዬ ነው። እኔማ ያን ቀን ሰዉ ሲሄድ ደብዳቤህን አውጥቼ የእጅ ጽሑፍህ መሆኑን ደግሜ አይቻለሁ።

አላህ በጤና ያገናኘን።

እናትህ ሰይዳ፣ አሰብ