ስለተፈቀደልን ሦስት ፌዝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመብራት አገልግሎት የሠፈራችን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ የቢሮዎ አምፖል ሳይርገበገብ፣ ሊፍትዎ በሁለት ፎቅ መካከል ሳይቆም፣ የሻይዎም ውሃ ሊፈላ ሲል ሳይቀዘቅዝ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ታላቅ እህቴ በእርስዎ መልካም ፈቃድ አለን። "አለን" ያልኩት ሌላ የሚቀርብ ቃል ስላጣሁ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሙያዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። የጥርስ ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን የአፍ ልክ በጄሶ ቀርጸው ይልኩልኛል፤ እኔም ጥርሱን ሠርቼና ሞርጄ ከክሊኒክ ክሊኒክ አደርሳለሁ። ፈገግታ በትዕዛዝ ማዘጋጀት የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዳንድ ፈገግታ ቢያገኙ ለእርስዎ በልክ የተሠራ መሆኑን ይወቁልኝ። የምኖረው ካሳደገችኝ እህቴ ጋር ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ እህቴ የቤታችንን የፊት ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት አድርጋ፣ በዚያው ገቢ አብልታና አስተምራ ለዚህ ሙያ አብቅታኛለች። እኔ "እትዬ" እላታለሁ፤ እሷ ግን ፀጉሬ ከሸበተም ወዲህ "ማሙሽ" ማለቷን አልተወችም። ይህን የምዘረዝረው የመሥሪያ ቤትዎ ውለታ በማን ላይ እንደዋለ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

የነገሩ መነሻ መኪና ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ስሰለፍ የሰው ጥርስ በካርቶን ታቅፌ እውል ነበርና፣ በየክሊኒኩ ድዳቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ ሽማግሌዎች ምሳቸውን በሾርባ እየተወጡት መሆኑ አሳፍሮኝ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሻጩ "እንደ ስልክ ይቁጠሩት ጋሼ፤ ማታ ሰክተውት ይተኛሉ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቅዎታል" አለኝ። እህቴም የፀጉር ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ወጥታ መኪናውን ዞረችና "ጭሱ ታዲያ በየት ነው የሚወጣው?" እያለች ከኋላ አጎንብሳ ፈለገች። ጭስ እንደሌለው ስነግራት "ተገላገልን በለኛ!" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለእርስዎ በሚገባዎት ክብር፣ በቁጥር በቁጥር እያደረግሁ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፈረቃው አመሰግናለሁ። መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ስሰካው፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወደቀ፤ ካስኩ ዝም አለ፤ አሮጊቷም ከውስጥ ሆነው "ልጄ፣ እኔ እኮ ገና እርጥብ ነኝ" አሉ። በቤታችን የሚገባው መስመር ሁለቱን አንድ ላይ እንደማይችል ስለገባን፣ ቀኑን ለፀጉር፣ ሌሊቱን ለመኪና ብለን ተካፈልን። ክፍፍላችን ፍትሐዊ ነበር፤ የጎደለው የእርስዎን መርሐ ግብር አለማማከራችን ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት መብራቱን ለሌላ ሠፈር ስለሚሰጡት መኪናው ባዶ ሆዱን እያደረ፣ ጠዋት በመንገድ ዳር አቁሜው የሰው መንጋጋ በእጄ ይዤ ታክሲ የለመንኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ አጋጣሚ ስለ ፈረቃ ያመሰገነዎት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለተኛ፤ በቅርንጫፍዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። በመስኮቱ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት። "ቤትዎ ስንት ፌዝ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድ መሆኑን ስነግራት ለመኪና ሦስት እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝና ልትመዘግበኝ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ችግሩ ለሦስት ፌዝ ምክንያት ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል መኪና የሚባል አለመኖሩ ነበር። ዳቦ ቤት አለ፣ ብየዳ ቤት አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ። ልጅቷ ብዙ ካሰበች በኋላ "ከሁሉም የሚቀርበው ወፍጮ ነው፤ እሱም ይሽከረከራል" አለችኝ። እኔም የመጣሁበትን እንጂ የምፈርምበትን ሳላስተውል፣ በአንድ ፊርማ የወፍጮ ባለቤት ሆኜ ወጣሁ። ቤት ገብቼ "እትዬ፣ ሦስት ፌዝ ጠይቄ መጣሁ" ብላት "አንዱ መች አነሰንና!" ብላ ሳቀች፤ ደንበኞቿም ካስክ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ። ክቡርነትዎ እንደሚረዱት በእናንተ ቤት ፌዝ መስመር ነው፤ እኛ ቤት ግን ማላገጥ ማለት ነው። የሁለቱን ትርጉም አንድነት ያስተማረን መሥሪያ ቤትዎ ነው።

ሦስተኛ፤ ወፍጮዬን ለማየት ስለላኳቸው ባለሙያዎች ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ጎልማሳ፣ ሁለተኛው መሣሪያ የተሸከመ ወጣት። ሳሎን አዩ፣ ጓዳ አዩ፣ የጄሶ ጥርሶቼን በአክብሮት አለፏቸው። ወፍጮ አጡ። መኪናውን ደጅ ላይ ቆሞ አዩት፤ እሱ የተላኩበት ጉዳይ ስላልሆነ አላስቸገሩትም። በመጨረሻ የፊት ክፍሉን በር ሲከፍቱ የእህቴን ፀጉር ቤት አገኙ። እህቴ እንግዳ የመጣ መስሏት ወንበር አቀረበችላቸው። ጎልማሳው ካስኮቹን ቆጠረና "ያልተመዘገበ ጭነት" ብሎ ጻፈ። እህቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዷን አውርዳ አቧራውን በፎጣዋ ጠርጋ ሰጠችው፤ አንብቦ መለሰላትና "እናቴ፣ ፈቃድዎ ትክክል ነው፤ ቆጣሪዎ ግን የመኖሪያ ቤት ነው" አላት። ይህ ፀጉር ቤት የተከፈተው እርስዎ በዚህ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ ምናልባትም ወንበሩ ሳይገዛ ነው፤ ክፍያው አንድም ወር ተዛንፎ አያውቅም። ሆኖም ወደ ክፍሉ የሚሄደውን መስመር ቆረጡት፤ ማብሪያውንም በሽቦ ጠምዝዘው "ታሽጓል" የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ፀጉሯን ቀለም የተቀባች አንዲት ደንበኛ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ ሻሽ አስራ ወጣች። ወጣቱ ባለሙያ መስመሩን ሲቆርጥ የቆመበት የቤታችን መሰላል ስለሚወዛወዝ፣ የመሰላሉን እግር ይዛ ያቆመችለት እህቴ ናት፤ የሰው ልጅ እንዳይወድቅ ብላ። ሲሄዱ ጎልማሳው ወደ እኔ ዞሮ "የወፍጮው ጉዳይ በሂደት ላይ ነው፤ አይስጉ" አለኝ።

ክቡር ሆይ፤ ያን ዕለት መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። ሐኪም ቤት ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች ከንፈራቸውን በጣታቸው እየነኩ "እኔ ነኝ የነካሁት?" ሲሉ አይቻለሁና፣ እኔም ያን ዕለት ራሴን እንደዚያ ነካሁት። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ቃላቱ የሌላ ሰው ሆነው ይሰሙኛል፤ ስለዚህ ከትሕትና ያለፈ ቢገኝበት የዚያ ሌላ ሰው ጥፋት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ጠረጴዛዎቻችሁ ብዛት አመሰግናለሁ። በማግስቱ መጥቼ "ወፍጮውን ትቻለሁ፤ ፀጉር ቤቱን መልሱልን" አልኩ። ወፍጮ የሚተውበት ጠረጴዛ ሌላ፣ ማሸጊያ የሚነሣበት ጠረጴዛ ሌላ መሆኑ ተነገረኝ። ወደ ሁለተኛው ስሄድ ማሸጊያው የሚነሣው ድርጅቱ ሥራ ላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ተባልኩ። ድርጅቱ ሥራ ላይ የሚሆነው ማሸጊያው ሲነሣ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ፤ ሠራተኛው በጥሞና ሰምቶኝ "እሱማ ልክ ነዎት" አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። እንደገና መጣሁ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንደገና መጣሁ፤ ከስብሰባው ገና አልተመለሱም። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ለእህቴ "መኪናውን ልሽጠው" ብላት "መኪናው ምን አደረገህ? አንተ ሥራህን ሥራ" ብላ የቀሚሷን እጅጌ ማጠፍ ጀመረች። ጋዝ ምድጃ ላይ ውሃ እያሞቀች፣ ደንበኞቿን ደጅ ፀሐይ ላይ ደርድራ ፀጉራቸውን በማድረቅ ጥቂት ጊዜ ገፋችበት። ከዚያ ክረምት ገባ። አዋላጇ መጨረሻ ድረስ ቆዩ፤ እሳቸውም ጉንፋን ያዛቸውና ቀሩ።

አምስተኛ፤ ለእህቴ አዲስ የሥራ ዕድል ስለፈጠሩላት አመሰግናለሁ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ድሮ እሷው ያሠለጠነቻት ልጅ የከፈተችው ትልቅ ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀጥራለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ዛሬም ብድግ ብላ ነው የምትቀበላት። ነገር ግን መቀስ የሚይዙት ወጣቶቹ ናቸው፤ እህቴ ገንዳው ጋ ቆማ ፀጉር ታጥባለች። አንድ ቀን ላመጣት ሄጄ ስጠይቅ በር ላይ ያለችው ልጅ "ማን? አጣቢዋ?" አለችኝ። አዎ፣ አጣቢዋ አልኩ። እህቴ ከኋላዋ ቆማ ሰምታለች።

ስድስተኛ፤ ከሁሉም በላይ ሦስቱን ፌዝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ተፈቀደልን። ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ከታሸገው ክፍል በር አጠገብ ግድግዳው ላይ አዲስ፣ ትልቅ፣ የሚያምር ቆጣሪ ተከሉ። አሁን መኪናው እራት በልቼ ሳልጨርስ ሞልቶ ያድራል። የክፍያ ወረቀታችን ላይ "ወፍጮ ቤት" ተብሎ ስለሚመጣ፣ ጎረቤቶች እህል መቼ መቀበል እንደምንጀምር እየጠየቁ ነው። ወፍራሙ ሽቦ በእህቴ በር ላይ አልፎ፣ የእሷን ክፍል ሳይነካ፣ ወደ መኪናው ይሄዳል። ማሸጊያው እንዳለ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ጠርዙ ተልጦ እህቴ በሙጫ መልሳ ለጥፋዋለች። ቢቀደድ ቅጣት አለው ብለዋታል።

አሁን የምጠይቅዎት ቀላል ነው። ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱን መልሰው ይውሰዱ። አንዷን ለእህቴ ይተዉላት። መኪናው እንደ ድሮው መንገድ ዳር ቢቆም ግድ የለኝም፤ እኔ ታክሲ መለመን ለምጃለሁ። እሷ ግን በራሷ ክፍል፣ መቀሷን በእጇ እንደያዘች ብታረጅ እወዳለሁ። የሚያስፈልገው የማሸጊያውን ሽቦ ቆርጦ የተቆረጠውን መስመር የሚቀጥል አንድ ሰው ነው። ወጣቱን ቢልኩት መሰላሉ አለን።

እስከዚያው በየጠዋቱ እህቴን የማደርሳት በዚሁ ሙሉ በሙሉ በተሞላ መኪና ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ጣቶቿ ከሻምፑው ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። እኛ ወሬ የምናጣ ሰዎች አልነበርንም። አሮጌው መኪናዬ ቢሆን ጩኸቱ ይሸፍንልን ነበር፤ ይህኛው ግን ድምፅ የለውም። አንዳችን ምራቃችንን ስንውጥ ሌላችን እንሰማለን። ስንደርስ "ደህና ዋል" ትለኛለች፤ በሩንም እንዳይጎዳ ብላ ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች።

በመዝገብዎ የወፍጮ ባለቤት፣ በሙያው ጥርስ ሠሪ፣ በአሁኑ ጊዜ የአንዲት ፀጉር አጣቢ ሾፌር የሆነው፣ በሦስቱም ማዕረጉ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣዎት፣

ምንጊዜም ባለውለታዎ፤
የፀጉር ቤቷ ባለቤት ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፤ ባለፈው ወደ ቅርንጫፍዎ ስመጣ፣ በቅርቡ የተመደበልዎ የኤሌክትሪክ መኪና ከባለጉዳዮች መጠበቂያ ክፍል በመስኮት በወጣ ማከፋፈያ ሲሞላ አየሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ያ ሶኬት ሁለቱን አንድ ላይ ስለማይችል የክፍሉን አምፖሎች አጥፍተዋቸዋል፤ ጥበቃውም በጨለማ ገመዱን እንዳልረግጥ በትሕትና አሳሰበኝ። መኪናዎ ሲጠግብ ያንን ማከፋፈያ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢያውሱን፣ እህቴ አንድ ካስክ ይዛ መጥታ ከባለጉዳዮችዎ መካከል ተቀምጣ ትሠራለች። ማንም አይቶ አይከሰንም፤ ክፍሉ እንደሆነ ጨለማ ነው።