በቤሌ መንገድ ያሸለብኩ ቀን

ሰኞ

ዛሬም አልነገርኳቸውም። ጠበቃችን አራታችንንም ሰብስቦ ሲጠይቀን እኔ ወለሉን አያለሁ። «ያለ እረፍት መንዳት ያደረሰባችሁ ነገር አለ? ደክሞናል ማለት ብቻ አይበቃም» አለን። ሌሎቹ ስለ ወገብ ሕመም አወሩ። እኔ ከዚያ የከፋ አለኝ። አብራኝ ከምትወጣው ነርስ፣ ከሲስተር አልማዝ በቀር የሚያውቅ የለም።

የከሰስነው መሥሪያ ቤታችንን ነው። የአምቡላንስ ሹፌሮች ነን። ሁለት ቀን ሙሉ ተረኛ፣ አንድ ቀን እረፍት፤ በእረፍቱም ቀን ይጠሩናል። የምሳ ሰዓት የሚባል የለም። ሐሙስ እንመሰክራለን።

ማክሰኞ

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለፈው ወር ነው፣ ከቤሌ ወላድ ይዘን ወደ ሶዶ ሆስፒታል ስንመጣ። ደም እየፈሰሳት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ጎኔ አልጋ ከነካ ሁለተኛ ቀኑ። ዓይኔን የከደንኩ አልመሰለኝም። የነቃሁት ጎማው ከመንገድ ወጥቶ ጠጠሩ ሲንኳኳ ነው። ፊት ለፊቴ ገደል። ሲስተር አልማዝ ከኋላ መስታወቱን በጡጫ ትመታለች። መሪውን እንዴት እንደመለስኩ አላስታውስም።

ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች። ባሏ እጄን ይዞ ደጋግሞ አመሰገነኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ

ኃላፊው ቢሮ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የባሰው። «ነገ የምትናገረውን አስብበት። ተኝቼ ነዳሁ ያለ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ማን ይመልስለታል?» አለኝ።

ማን ነገረው? ወይስ እንዲሁ ሲያስፈራራ ነው?

ሲስተር አልማዝን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ለማንም አልተነፈስኩም» አለች። «ግን ጠበቃችሁ ለምስክርነት ጠርቶኛል፤ ከተጠየቅኩ አልዋሽም። የዚያን ቀን እኔም ተኝቼ ነበር። የሴትየዋን ደም መከታተል ሲገባኝ። እኔንም የቀሰቀሰኝ ጠጠሩ ነው።»

ለካ ማናችንም አልነቃንም ነበር።

ከአራታችን አንዱ ደሳለኝ ስሙን ከክሱ አስወጣ። ሦስት ቀረን። ማታ ለባለቤቴ ለማርታ ሁሉንም ነገርኳት። ሸሚዜን ተኩሳ ሰቀለችው። መስክር፣ አትመስክር አላለችኝም።

ሐሙስ

ተናገርኩ። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ተነሥቶ «ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለ።

«መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ከመውጣቴ በፊት ‹አልቻልኩም፣ ሰው ተኩልኝ› ብያለሁ። ‹ሌላ ሹፌር የለም፣ ውጣ› ተባልኩ። ሴትየዋስ ትሙት?»

ከእኔ ቀጥላ ሲስተር አልማዝ መሰከረች። የራሷንም እንቅልፍ አልደበቀችም። ዳኛዋ መጻፋቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ፍርዱ እስኪሰጥ የሁለት ቀኑ ተራ እንዲቆም አዘዙ። ለውሳኔው ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ጓደኞቼ አቀፉኝ።

ዓርብ

ጠዋት ገባሁ። ኃላፊው «ቁልፉን አስረክብ» አለኝ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ሂድና እረፍ።»

ደብዳቤ አልሰጠኝም። እረፍት ይሁን እገዳ አላወቅኩም። ማርታ ስታየኝ ደነገጠች። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ፣ ላስብበት ብዬ። ስነቃ ቀኑ ተጋምሷል። ጫማዬን አውልቃልኛለች፤ አልሰማሁም።