የአስያ አህያ የቆመችበት ደጅ

ይድረስ ለልጄ ለሣህሌ፤ የስዊድን ብርድ አይምታህ። ኮፍያህን አድርግ፣ ጆሮህ እንደሆነ ትልቅ ነው። እኛ አሰላ ደህና ነን።

ወተት ሻጯ ጓደኛዬ አስያ ካረፈች ወዲህ በአህያዋ ወተቱን የማዞረው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን አህያዋ አንድ ደጅ ላይ ንቅንቅ አልል አለች። ምን አይታ ይሆን ብዬ ባንኳኳ ዓይነ ስውሯ አሮጊት፣ አኮ ኢፍቱ፣ ወጡ።

«አስያ፣ የዛሬው ቀልድ የታለ?»

ለካ በየቀኑ አንድ ኩባያ ወተትና አንድ ቀልድ በነጻ ትሰጣቸው ኖሯል፤ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ! መሞቷን ስነግራቸው አብረን አለቀስን።

አሁን ወተቱን አደርሳለሁ፤ ቀልድ ግን አለቀብኝ። ገበያ መሃል ሱሪህ የወለቀውን እንኳ ሁለቴ አስደገሙኝ። እባክህ፣ በረዶ ላይ ወድቀህ ከሆነ አወዳደቅህን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እግዜር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ ካልወደቅህ ግን አንዴ ብቻ፣ ሳትጎዳ፣ ይጣልህ።

እናትህ አሰፋች